የክላይበርን ድጋፍ ለባይደን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአሜሪካ ምርጫ በቀረበ ቁጥር «እገሌ እገሌን ደገፈ» የሚል ዜና ይወጣና ጥያቄው ይጎርፋል፤ እኔ የምክር ቤት አባሉ ጂም ክላይበርን ጆ ባይደንን የደገፉበትን የ2020ውን የሳውዝ ካሮላይና ታሪክ ይዤ ልመልስ (ቀኑም ዓመቱም ሁሉ በፈረንጅ ነው)።

ፕራይመሪ ምንድን ነው? ድጋፍ መስጠትስ?

አሜሪካ ውስጥ ፓርቲው ለፕሬዝዳንትነት የሚያቀርበውን ሰው የሚመርጠው ማዕከላዊ ኮሚቴ አይደለም። በየክፍለ ግዛቱ ሕዝቡ ወጥቶ ድምፅ ይሰጣል፤ ፕራይመሪ ማለት ያ ነው። የአንድ ፓርቲ ሰዎች፣ አንዳንዴ አምስት አንዳንዴ ከሃያ በላይ ሆነው፣ እርስ በርሳቸው ይፎካከራሉ። እያንዳንዱ ባገኘው ድምፅ መሠረት ወደ ፓርቲው ጉባኤ የሚሄዱ ተወካዮች ይደርሱታል፤ ከተወካዮቹ ከግማሽ በላይ የሰበሰበው ዕጩ ይሆናል።

ድጋፍ መስጠት ደግሞ አንድ የታወቀ ፖለቲከኛ ወጥቶ «ከነዚህ ሁሉ እኔ እገሌን ነው የምመርጠው፣ እናንተም ምረጡት» ሲል ነው። አሜሪካ ያለው ሐበሻ «ኢንዶርስ አደረገ» ይለዋል። እኔ ግን የሚቀርበኝ «ተያዥ» የሚለው ቃል ነው። ገንዘብ ያዥ ሆነህ ስትቀጠር ተያዥ አምጣ ትባል የለ? ያ ሰው አንተ ብታጎድል ከራሱ ደሞዝ ነው የሚቆረጠው። ፖለቲከኛው የሚያስይዘው ደሞዙን ሳይሆን ስሙን ነው።

ድጋፉ በራሱ ስንት ድምፅ ይይዛል?

አንድ። የራሱን የደጋፊውን። ሌላ ሰው «እሱ ካለ እኔም» ካላለ በስተቀር ምንም አይጨምርም።

የዴሞክራቲክ ፓርቲ የምክር ቤት አባላት፣ ክላይበርንን ጨምሮ፣ ሳይመረጡ በቀጥታ የጉባኤ ተወካይ ይሆናሉ፤ ይህ እውነት ነው። ግን በ2018 ፓርቲው ደንቡን ቀየረና ፉክክሩ ገና ያልለየለት ከሆነ በመጀመሪያው ዙር ድምፅ እንዳይሰጡ ከለከላቸው። ስለዚህ «ትልልቆቹ ሰዎች ተስማምተው ነው ያስቀመጡት» የሚለው ወሬ በቁጥር አይደገፍም።

ጂም ክላይበርን ማን ናቸው?

የሰባኪ ልጅ ናቸው። በ1940 ሳምተር በምትባል የሳውዝ ካሮላይና ከተማ ተወለዱ። በ1993 የተወካዮች ምክር ቤት ሲገቡ፣ ከዚያች ክፍለ ግዛት ጥቁር ሰው ተመርጦ ዋሽንግተን ሲሄድ ከ1897 ወዲህ የመጀመሪያው ነበሩ። ወደ መቶ ዓመት ገደማ ማለት ነው። በ2020 በምክር ቤቱ የዴሞክራቶች ሦስተኛው ሰው ሆነው ነበር።

ዋናው ግን ወንበሩ አይደለም። በ1960 ኦሬንጅበርግ ውስጥ ተማሪ ሳሉ የዘር መለያየትን ተቃውመው ሰልፍ ወጡና ከብዙ መቶ ተማሪዎች ጋር ታሰሩ። ሲውሉ ርሃቡ ሲሞረሙራቸው አንዲት ተማሪ ሃምበርገር ይዛ ብቅ አለች። እጃቸውን ሲዘረጉ ወደ ራሷ መለስ አደረገችው፣ ለሁለት ገመሰችና ግማሹን ሰጠቻቸው። ኤሚሊ ትባላለች። በዓመቱ ተጋቡ፤ እሷ በሴፕቴምበር 2019 እስክታርፍ ድረስ 58 ዓመት አብረው ኖሩ። ይህን ታሪክ ክላይበርን ራሳቸው ደጋግመው ያወሩታል። እዚያ አገር ያለ ጥቁር መራጭ ለእሳቸው ቃል ለምን ክብደት እንደሚሰጥ ለመረዳት ከማንኛውም የሥልጣን ዝርዝር ይልቅ ይሄ ሃምበርገር ይበቃል።

ሌላም አለ፣ የዓሣ ጥብስ ድግሳቸው። ከ1992 ጀምሮ ያዘጋጁታል፤ ቲሸርት የለበሰ ሰው የተጠበሰ ዓሣና ዳቦ ይዞ እየተጋፋ ፖለቲከኛ የሚሰማበት ነው። በጁን 2019 ኮሎምቢያ ከተማ ላይ ሲደግሱ ለፕሬዝዳንትነት የሚወዳደሩ 21 ዴሞክራቶች መጡ። ሃያ አንድ! ደጅ መጥናት ይሉሃል እሱ ነው።

ባይደን ያኔ ተያዥ እስኪያስፈልጋቸው ምን ሆነው ነበር?

አልቆላቸው ነበር፤ ቢያንስ ወሬው እንደዚያ ነበር። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ አይዋ ላይ አራተኛ ወጡ። ኒው ሃምፕሸር ላይ አምስተኛ፣ ያውም በ8 ከመቶ። ስምንት ዓመት ምክትል ፕሬዝዳንት ለነበረ ሰው ይሄ ውርደት ነው። ኔቫዳ ላይ ሁለተኛ ሆኑ ግን ተፎካካሪያቸው በርኒ ሳንደርስ 47 ከመቶ ገደማ ወስደው እሳቸው 20 ከመቶ ብቻ ነበር የደረሳቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባይደን ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደሩ ይሄ ሦስተኛቸው ነበር፤ ለ1988ቱም ለ2008ቱም ምርጫ ሞክረው ነበር። እስከዚያች ሳምንት ድረስ በሦስቱም ሙከራ አንድም ፕራይመሪ አሸንፈው አያውቁም።

ፌብሩዋሪ 26 ቀን ምን ተባለ?

ዕለቱ ረቡዕ ነው። ኖርዝ ቻርለስተን ውስጥ አንድ ኮሌጅ አዳራሽ፣ ምርጫው ሊደረግ ሦስት ቀን ሲቀረው። ክላይበርን ስለ ሟች ባለቤታቸው እያነሱ፣ እንባ እየተናነቃቸው ተናገሩ። ኤሚሊ ባይደንን እንደምትወድ ተናገሩ። ከዚያ ያቺ እስከ ዛሬ የምትጠቀሰው ዓረፍተ ነገር መጣች፦ «ጆን አውቀዋለሁ። ሁላችንም እናውቀዋለን። ከሁሉ በላይ ግን ጆ እኛን ያውቀናል።»

ልብ በሉ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ጤና መድኅን፣ ስለ ፖሊሲ አንድ ቃል የለባትም። ተያዥ የሚናገረው እንዲህ ነው፦ ልጁን አውቀዋለሁ።

ለምን እስከ መጨረሻው ሰዓት ቆዩ?

ልባቸው ቀድሞ ወስኖ ነበር። አፋቸው ነው የቆየው። የፓርቲ መሪ ሰው በጊዜ ከተናገረ ቤቱን ይከፍላል፤ በዚያ ላይ ክፍለ ግዛቷን ሊጎበኝ የሚመጣ ዕጩ ሁሉ ይቀራል። በ2008ም በኦባማና በሂላሪ መሃል ፉክክሩ ሲግል ዝም ብለው እስከ መጨረሻው የፕራይመሪ ቀን ቆይተዋል።

ክላይበርን የሚያወሩት አንድ ታሪክ አለ። ድጋፉን ከመስጠታቸው ጥቂት ቀን በፊት ለወዳጃቸው ቀብር ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት በጣታቸው ጠሯቸው። ጎንበስ ሲሉ «ማንን ነው የምትመርጠው? ሌላ ሰው እንዲሰማህ ካልፈለግክ በጆሮዬ ንገረኝ» አሏቸው። ክላይበርን ሹክ አሏቸው። አሮጊቷም ይሄ ሕዝብ ካንተ መስማት ይፈልጋል ብለው ቀና አሉ። ክላይበርን ከዚያ ቤተ ክርስቲያን የወጡት ዝም ማለት እንደማይቻል ተረድተው ነው ይላሉ። እንግዲህ ለተያዡም ተያዥ ነበረው ማለት ነው።

በምላሹ ምን ጠየቁ?

ሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው ምክር ነው። ንግግርህ ረዘመ፣ እንደ ሴናተር አታውራ፣ እንደ ሰባኪ በሦስት ከፋፍለህ ተናገር አሏቸው፤ አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ እንደሚባለው። የአንተ መመረጥ ለሰውየው፣ ለቤተሰቡ፣ ለመንደሩ ምን ያመጣል? በቃ። ለእኔ ከዚያ ዘመቻ ሁሉ የተሻለው ምክር ይሄ ነው፤ የኛም ተናጋሪዎች ቢሰሙት አይከፋም።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ፌብሩዋሪ 25 ማታ ቻርለስተን ላይ የዕጩዎች ክርክር ነበር። ክላይበርን በጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁር ሴት ዳኛ እሾማለሁ የሚል ቃል ከባይደን አፍ እንዲወጣ ይፈልጉ ነበር። ክርክሩ ይሄዳል፣ ባይደን ዝም። ማስታወቂያ ሲገባ ክላይበርን ከመድረኩ ጀርባ ሄደው አስታወሷቸው። ባይደን መጨረሻ ላይ ተናገሩት። በማግስቱ ድጋፉ መጣ። በዚያ ቃል መሠረት ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ለዳኝነት የታጩት ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2022 ነው፤ ቀኑን እዩት፣ ልክ ሁለት ዓመት። ሴኔቱ በ53 ለ47 አጸደቃቸው።

ሦስተኛም ልቁጠር ካላችሁ፣ በ2024 ዴሞክራቶች አይዋንና ኒው ሃምፕሸርን ገሸሽ አድርገው የመጀመሪያውን ፕራይመሪ ለሳውዝ ካሮላይና ሰጡ። ይህን ያስደረጉት ባይደን ናቸው። ውለታ አይረሱም።

ታዲያ ምርጫውን የለወጡት እውነት እሳቸው ናቸው?

ቁጥሩ እንዲህ ነው። ፌብሩዋሪ 29 ባይደን 48.7 ከመቶ አገኙ፣ ሳንደርስ 20 ከመቶ ገደማ። በክፍለ ግዛቷ ያሉትን 46 አውራጃዎች አንድ ሳይቀር አሸነፉ። ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ ከተጠየቁት መራጮች ከአሥሩ ስድስቱ ገደማ የክላይበርን ድጋፍ በውሳኔዬ ቦታ ነበረው ብለዋል።

አሁን ጥርጣሬዬን ልናገር። ባይደን ከድጋፉ በፊትም በዚያች ክፍለ ግዛት ቀዳሚ ነበሩ፤ ልዩነቱ ጠቦ ነበር እንጂ አልተበለጡም። ጥቁር መራጮች ባይደንን የሚያውቁት በኦባማ ጎን ስምንት ዓመት ሲቆሙ አይተው ነው። «ድጋፉ ወሳኝ ነበር» ያለው መራጭ ደግሞ ምናልባት ድሮም ባይደንን ሊመርጥ የነበረ ነው፤ ሰው ያሰበውን ነገር የሚያከብረው ሽማግሌ ሲደግምለት ደስ ይለዋል። ስለዚህ ክላይበርን ባይኖሩ ባይደን ይሸነፉ ነበር ለማለት አልደፍርም። በጠባብ ልዩነት ያሸንፉ ነበር ብል ግን የተሳሳትኩ አይመስለኝም፤ ቀጥሎ የመጣውን ያመጣው ደግሞ ማሸነፋቸው ብቻ ሳይሆን የልዩነቱ ስፋት ነው።

ቀጥሎ ምን መጣ?

ሦስት ቀን ውስጥ ጨዋታው ተገለበጠ። ቅዳሜ ማታ ከተፎካካሪዎቹ አንዱ ቶም ስታየር ከውድድሩ ወጡ። እሑድ ፒት ቡቲጄጅ። ሰኞ ኤሚ ክሎቡቻር፤ የዚያኑ ቀን ማታ ቡቲጄጅም ክሎቡቻርም ዳላስ ተገኝተው ለባይደን ድጋፍ ሰጡ። ማክሰኞ፣ ማርች 3፣ 14 ክፍለ ግዛቶች በአንድ ቀን ድምፅ ሰጡና ባይደን አሥሩን ወሰዱ። ሚኒሶታን ምንም ሳይቀሰቅሱባት አሸነፉ፤ የክሎቡቻር አገር ናት። ማሳቹሴትስንም ወሰዱ፤ የኤልዛቤት ዋረን አገር ናት፣ ዋረን በገዛ ቤታቸው ሦስተኛ ወጡ።

ማይክል ብሉምበርግ ከኪሳቸው ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር አፍስሰው በዚያ ቀን ያሸነፉት አሜሪካን ሳሞአ የምትባል የደሴቶች ግዛት ብቻ ነው። በማግስቱ ወጥተው ባይደንን ደገፉ።

ድጋፍ ሁልጊዜ ይሠራል ማለት ነው?

አይ! ብዙውን ጊዜ ወሬ ሆኖ ይቀራል። በዲሴምበር 2003 የቀድሞው ምክትል ፕሬዝዳንት አል ጎር ሃርለም ድረስ ሄደው ለዴሞክራቶች ዕጩነት የሚወዳደሩትን ሃዋርድ ዲንን ደገፉ። ያን ጊዜ ዲን ቀዳሚ ነበሩ፤ ሁሉም አለቀ ብሎ ነበር። ወር ከምናምን ቆይቶ አይዋ ላይ ሦስተኛ ሆነው ተፍረከረኩ። የሚያስቀው፣ ማለት የሚያሳዝነው፣ በ2000 የጎር ምክትል ዕጩ የነበሩት ጆ ሊበርማንም ያኔ ተወዳዳሪ ነበሩ፤ ወሬውን የሰሙት ከጋዜጠኞች ነው።

ቴድ ኬኔዲ በ2008 ኦባማን ሲደግፉ አገር ምድሩ አጨበጨበ፤ ከሳምንት በኋላ ግን በኬኔዲ የራሳቸው ክፍለ ግዛት፣ ማሳቹሴትስ፣ ሂላሪ አሸነፉ። በሳውዝ ካሮላይናም ቢሆን አገረ ገዥዋ ኒኪ ሄሊ በ2016 ማርኮ ሩቢዮን ደግፈው ያሸነፉት ትራምፕ ናቸው። የአይዋዋ አገረ ገዥ ኪም ሬይኖልድስ በኖቬምበር 2023 ሮን ዲሳንቲስን ደገፉ፤ ትራምፕ 51 ከመቶ፣ ዲሳንቲስ 21።

ልዩነቱ ምንድን ነው ካላችሁ፣ መራጩ ስለ ዕጩው ገና ሲያመነታ የሚመጣ ተያዥ ይጠቅማል። መራጩ ልቡን ከሰጠ በኋላ የሚመጣ ተያዥ የሚጎዳው ራሱን ነው። የሪፐብሊካን መራጭ ትራምፕን ለማወቅ አገረ ገዥ አያስፈልገውም ነበር።

የሾመህን ሰው ትተህ ሌላ መደገፍ ነውር አይደለም?

ይሄ ጥያቄ የሚነሳው በሳውዝ ካሮላይናው ሴናተር በቲም ስኮት ምክንያት ነው። በ2012 መጨረሻ ሴናተር አድርገው የሾሟቸው ኒኪ ሄሊ ናቸው። በጃንዋሪ 2024 ሄሊ ከትራምፕ ጋር ሲፎካከሩ ስኮት ኒው ሃምፕሸር ሄደው ከትራምፕ ጎን ቆሙ። በኛ አገር አባባል ያጎረሰ እጅ ተነከሰ ልትሉ ትችላላችሁ። ሕጉ ግን ስለ ውለታ አያውቅም፤ በፖለቲካውም አሸናፊ የመሰለውን ቀድሞ መጠጋት ያለ ነው።

ድጋፍ በገንዘብ መግዛት ወንጀል ነው?

ይሄ ጠመም ይላል። ለሥራ ለሚረዳህ ሰው ዘመቻህ ገንዘብ ቢከፍል በግልጽ እስከመዘገብክ ድረስ በራሱ ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ መደበቁ ነው። ኬንት ሶረንሰን የሚባሉ በአይዋ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ሴናተር ነበሩ፤ ለሪፐብሊካን ዕጩነት የሚወዳደሩት የሚሼል ባክማን የአይዋ ዘመቻ ሊቀ መንበር። ዲሴምበር 28 ቀን 2011፣ ምርጫው ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ቀን ከባክማን ጋር ታይተው ማታ የተፎካካሪያቸው የሮን ፖል መድረክ ላይ ወጡ። ኋላ ሲጣራ 73 ሺህ ዶላር በተዘዋዋሪ መንገድ ተከፍሏቸዋል። በ2017 የ15 ወር እስራት ተፈረደባቸው፣ ክፍያውን የደበቁት የዘመቻው ሰዎችም ተፈረደባቸው።

ሹመት ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ዕጩ «ደግፈኝና ሚኒስትር አደርግሃለሁ» ብሎ ቃል ቢገባ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል። በተግባር ማንም እንዲህ ብሎ በግልጽ አይናገርም እንጂ።

ተያዡ ሐሳቡን ቢቀይርስ?

የሚያግደው ነገር የለም። ድጋፍ ፊርማ አይደለም። ክላይበርን ባይደንን አልተዉም ማለት ይቻላል፤ በ2024 ባይደን ከትራምፕ ጋር ካደረጉት ከዚያ መጥፎ ክርክር በኋላ እንኳ አብረው ቆዩ፣ ባይደን ቢወጡ ግን ካማላ ሃሪስን እደግፋለሁ ብለው በሩን ገርበብ አደረጉት። ባይደን ከውድድሩ የወጡት ጁላይ 21 ነው። የክላይበርን 84ኛ ልደት ነበር። የዚያኑ ቀን ሃሪስን ደገፉ።

ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለኝ፤ እኔስ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ድምፅ መስጠት አይቻልም፤ ፕራይመሪም ቢሆን። ለፌዴራል ምርጫ ዜጋ መሆን ግድ ነው፤ ተሳስታችሁ ብትመርጡ እንኳ ከአገር እስከመባረር ሊያደርስ ስለሚችል መንጃ ፈቃድ ስታወጡ የሚመጣውን የመራጭ ምዝገባ ጥያቄ ዝም ብላችሁ «አዎ» አትበሉ። ቋሚ ነዋሪ ከሆናችሁ ግን ገንዘብ መለገስ፣ በር ማንኳኳት፣ ስልክ መደወል፣ «እኔ እገሌን እደግፋለሁ» ማለት ትችላላችሁ።

ዜጋ የሆናችሁ ደግሞ ክፍለ ግዛታችሁን እዩ። ቨርጂኒያ ውስጥ የፓርቲ ምዝገባ ስለሌለ ከሁለቱ በአንዱ ፕራይመሪ መግባት ይቻላል። ወንዙን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ከሆናችሁ ግን በፓርቲው መመዝገብ አለባችሁ። አሌክሳንድሪያ ያለ ወንድምና ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች እህት በአንድ ቡና ላይ ተቀምጠው ሁለት የተለያየ ሕግ ነው የሚመለከታቸው።

ቤተ ክርስቲያናችን ወይም እድራችን ዕጩ መደገፍ ይችላል?

ከግብር ነፃ የሆነ በጎ አድራጎት ተብሎ የተመዘገበ ከሆነ፣ አይችልም። በ1954 ሊንደን ጆንሰን ሴናተር ሳሉ ያስገቡት ሕግ እንዲህ ዓይነት ድርጅት ዕጩ እንዳይደግፍም እንዳይቃወምም ይከለክላል። በጁላይ 2025 የግብር መሥሪያ ቤቱ ቴክሳስ ላለ ፍርድ ቤት ባቀረበው ጽሑፍ የእምነት ተቋም ለገዛ ምእመናኑ በተለመደው መንገድ ከእምነት ጋር አያይዞ ቢናገር ክልከላውን እንደጣሰ አይቆጠርም ብሏል። ያ ግን ስለ እምነት ተቋማት ነው፤ እድርና የኮሚኒቲ ማኅበር እዚያ ውስጥ የሉም።

ቄሱ ወይም የእድሩ ሊቀ መንበር በግላቸው ይችላሉ። በራሳቸው ስም፣ በራሳቸው ፌስቡክ፣ ዕጩው ቤት በጠራው ግብዣ ላይ። በማኅበሩ ማኅተምና በማኅበሩ ቴሌግራም ግሩፕ ግን አይሆንም። ዕጩዎችን አዳራሽ ጠርቶ ማነጋገር ይቻላል፤ ሁሉንም እኩል እስከጠራችሁ ድረስ፣ አንዱን ብቻ ጋብዛችሁ ዶሮ ወጥ ካቀረባችሁለት ነገሩ ሌላ ነው።